እቃው ትንሽ፣ ካርቶኑ ትልቅ

ሀዋሳ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፣ ሐይቃችን ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ክረምት ላይ ጎርፉ ከታቦር ተራራ ጀምሮ በየሰፈሩ ቱቦ እየጠረገ የሚያመጣው ሁሉ መጨረሻው እዛው ነው፣ ከዛ ወዲያ መሄጃ የለውም። ዛሬ ልጽፍ የፈለኩት ስለ እቃ ማሸጊያ ነው ግን ይሄን ካላስቀደምኩ ጉዳዩ የፈረንጅ ጭንቀት ይመስላል፣ የአማዞን ካርቶን በራቸው ላይ የሚደረደርላቸው ሰዎች ወሬ። የኛም ነው እኮ። እንዲያውም ብሶ የኛ ነው፣ እነሱ ጋ ቢያንስ ካርቶኑን ለብቻ ፕላስቲኩን ለብቻ የሚወስድ መኪና ብዙ ቦታ ይመጣል።

በቅርቡ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ኤርፎን አዝዤ መነኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ። ካርቶኑ የጫማ ካርቶን ሁለቱን ይውጣል። ዙሪያውን በስኮች ተጠቅልሎ ያለ ቢላ አልከፈት አለኝ፣ ከውስጥ ያ ህጻናት እየተጫኑ የሚያፈነዱት ፊኛ ፊኛ ያለው ፕላስቲክ ደራርቦ ተጠቅልሏል፣ በሱ ውስጥ ሲነካ እንደ ገብስ የሚበተነው ነጭ ፎም፣ ከዛ የፋብሪካው ካርቶን፣ ካርቶኑ ላይ ደሞ ስስ ፕላስቲክ፣ ስትከፍቱት የኤርፎኑ ቅርጽ ያለው ሻጋታ፣ ሽቦው ለብቻው በፌስታል፣ ያቺ እርጥበት የምትመጥጥ "አይበላም" የምትለዋ ከረጢት አልቀረችም። ኤርፎኑ እጄ መዳፍ ላይ ቁጭ ሲል ጠረጴዛው ሞልቶ ነበር።

ሻጩን አልወቅሰውም። የላከው በአውቶብስ ነው፣ ረዳቱ ከላይ ይወረውረዋል፣ ጫኝና አውራጁ ሌላ እቃ ይከምርበታል፣ ቢሰበር ደሞ ገዢው ቻናሉ ስር ገብቶ ስሙን ያጠፋዋል። ስለዚህ ይጠቀልላል፣ ይጨምርበታል። የተጠቀመበት የውጭ ካርቶን እንዲያውም የብስኩት ካርቶን ነበር፣ አንዴ ብስኩት ይዞ ከፋብሪካ ወጥቶ አሁን ደሞ ለኔ እቃ ይዞ መጣ፣ እሱ በጣም ጥሩ ነገር ነው። የሚያናድደኝ የፎሙና የፕላስቲኩ ክምር ነው፣ አብዛኛው ደሞ ከአዲስ አበባ ሳይሆን ገና ከፋብሪካው ጀምሮ አብሮት የመጣ ነው።

እቃ የሚያመላልሱት ድርጅቶች ራሳቸው ባዶ ቦታ ዋጋ እንዳለው ከማንም በላይ ያውቃሉ። ትላልቆቹ ኩሪየሮች የካርቶኑን ርዝመት በወርዱ በከፍታው በሴንቲሜትር አባዝተው ለ5000 ያካፍሉታል፣ የሚመጣው ቁጥር እንደ ኪሎ ይያዝና ሚዛን ላይ ካለው ክብደት ከበለጠ የምትከፍሉት በሱ ነው። እስቲ አስሉት፣ 40 በ30 በ20 የሆነ ካርቶን 24000 ይመጣል፣ ለ5000 ሲካፈል 4.8 ኪሎ። ውስጡ ያለው እቃ 300 ግራም ቢሆንም የምትከፍሉት የ4.8 ኪሎ ነው። ያንኑ እቃ 20 በ15 በ5 በሆነ ካርቶን ብታደርጉት ልክ 0.3 ኪሎ ይመጣል። በመሀል ያለው ልዩነት አየር ነው፣ አየሩም በአውሮፕላን ነዳጅ ተጓጉዞ ነው የሚመጣው። በመርከብ ሲሆንም ያው ነው፣ የኛ አገር የገቢ እቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ገብቶ ያን ሁሉ ዳገት በናፍጣ ወጥቶ ነው ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚደርሰው፣ ከሞጆ ደሞ ወደኛ። ግማሹ ባዶ የሆነ ካርቶን የሞላበት ኮንቴይነር ማለት ግማሽ መንገዱን በከንቱ የተጓዘ መኪና ማለት ነው።

ታዲያ ያን ያህል ማሸጊያ የግድ ያስፈልጋል ወይ? መልሱን ሁላችንም ቤት አይተነዋል። ከአሜሪካ ዘመድ ሲመጣ ሻንጣው 23 ኪሎ ነው የሚፈቀድለት፣ አንድ ግራም ማባከን ስለማይችል ካርቶኑን በሙሉ እዛው ጥሎት ይመጣል። ጫማው ያለ ካርቶን ነው፣ ጫማው ውስጥ ካልሲ አለ፣ ካልሲው ውስጥ ሽቶ አለ፣ ስልኩ በሹራብ ተጠቅልሎ መሀል ላይ ተቀምጧል፣ ቫይታሚኑ ጥጉን ሞልቶታል። ውቅያኖስ አቋርጦ፣ ተወርውሮ፣ ተገልብጦ ይመጣል። ምንም አይሆንም። እናቶቻችንና አክስቶቻችን ቦታን እንዴት መጠቀም እንደሚቻል ከፋብሪካዎቹ በተሻለ ያውቁበታል፣ ይሄን የምለው ለማሞገስ ብቻ አይደለም፣ እቃ እንዳይሰበር የሚያደርገው የፕላስቲኩ ብዛት ሳይሆን እቃው ውስጥ ለውስጥ አለመንቀሳቀሱ ስለሆነ ነው። ትልቅ ካርቶን ትንሽ እቃ ሲይዝ እቃው ይንቀሳቀሳል፣ እንዳይንቀሳቀስ ፕላስቲክ ይሞላበታል፣ ካርቶኑ ከጅምሩ ልኩ ቢሆን ግን የሚሞላው ነገር ራሱ ባላስፈለገ።

ከዛ በኋላ ያለው ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። እኛ ሰፈር ቆራሌው ጠዋት ጠዋት ይመጣል፣ ያን ሰሞን ያጠራቀምኩትን አወጣሁለት። ሀይላንዱን ወሰደ፣ ካርቶኑን አጣጥፎ ወሰደ። ፎሙንና ያንን ፊኛ ፊኛውን ስሰጠው ሳቅ አለና "ይሄ አይገዛም እህቴ፣ ሚዛን አይመታም" አለኝ።

በነጻ ውሰደው ወንድሜ አልኩት።

"ወስጄ የት ላድርገው? ማዳበሪያዬን ይሞላብኛል እንጂ የሚቀበለኝ የለም።"

ልክ ነው። ፎም ማለት ከ95 ከመቶ በላይ አየር ነው፣ ቆራሌው ደሞ የሚሸጠው በኪሎ ነው። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ፎም ተሸክሞ ቢውል የምሳ አያወጣለትም። ሰው ብዙ ጊዜ "ህዝባችን ግንዛቤ የለውም" ይላል፣ እኔ በዚህ አልስማማም፣ ሀይላንድ እኮ መንገድ ላይ ወድቆ አያድርም፣ ዋጋ ስላለው አንዱ ያነሳዋል። ፎምና ስስ ፕላስቲክ የሚቀሩት ዋጋ ስለሌላቸው ነው። በዓለም ደረጃም ነገሩ ከዚህ አይርቅም፣ እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ በምድር ላይ ቆሻሻ ከሆነው ፕላስቲክ እንደገና የተመረተው 9 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነው፣ ሀብታሞቹ አገሮች ያሉበት ተደምሮ ማለት ነው።

የማይገዛው የት ይሄዳል? የተወሰነውን የቆሻሻ ማህበራቱ ሰብስበው ይወስዱታል፣ የተወሰነው ጓሮ ይቃጠላል፣ የተወሰነው ቱቦ ይገባል። የሚቃጠለው በጣም ያሳስበኛል። ስንት ቤት ነው ከሰል የሚቀጣጠለው በፌስታል ቁራጭ፣ አሁን ደሞ ፎም ሲገኝ በፎም፣ ቶሎ ስለሚይዝ። ያ ጥቁር ጭስ ዝም ብሎ ጭስ አይደለም። ፎም ሲቃጠል ስታይሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል፣ ፒቪሲ (የውሃ ቧንቧ የሚሰራበት አይነት) ያለበት ፕላስቲክ ከሆነ ደሞ ዳይኦክሲን ይፈጠራል፣ ዳይኦክሲን ካንሰር ያመጣል፣ ሰውነት ውስጥ ስብ ላይ ተቀምጦ ለዓመታት አይወጣም። ከሰሉ ላይ ጎንበስ ብላ የምታራግበው ደሞ ብዙ ጊዜ እናት ናት፣ ጀርባዋ ላይ ህጻን አለ። እባካችሁ ጎረቤት ያላችሁ፣ ሰው ሳታስቀይሙ በደንብ አስረዱ፣ ደረቅ ጭራሮና ወረቀት ይበቃል።

ቱቦ የገባው ሐይቅ ይገባል። ፎም አይሰምጥም አይበሰብስም፣ ማዕበሉ ዳር ካሉት ቄጠማዎች ጋር ሲያጋጨው እየተፈረፈረ የሩዝ ፍሬ ያክላል፣ ከዛ ያነሰ ይሆናል፣ ከዛ በአይን አይታይም። አሳው ምግብ መስሎት ይውጠዋል። ይሄ ግምት አይደለም፣ እዚሁ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ተሰርቶ በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከተመረመሩት አሳዎች 35 ከመቶ ያህሉ ፕላስቲክ ውጠው አግኝቷቸዋል። እኛ ደሞ ሐይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄደን ቆሮሶ የሚባለውን አሳ በጥሬው በሚጥሚጣ የምንበላ ሰዎች ነን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎችም እዛው ቆመው ከአሳው ትራፊ ጋር ያገኙትን ሁሉ ሲውጡ ታዩዋቸዋላችሁ፣ ፌስታሉን ከስጋው አይለዩትም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኛ ተቀባይ ብቻ አይደለንም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ከተመረቀ በኋላ ከሀዋሳ ወደ ውጭ የሚላክ ልብስ መሰፋት ጀመረ። የማሸጊያ ክፍል የሰራች ጓደኛዬ እንዳጫወተችኝ ሸሚዙ ተተኩሶ ኮሌታው ስር ካርቶን ይገባል፣ በክሊፕ ይያዛል፣ ስስ ወረቀት ይገባበታል፣ ከዛ እያንዳንዱ ለብቻው ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይከተታል። መርከብ ላይ እርጥበት እንዳይነካው ነው፣ ምክንያቱ ይገባኛል። ግን ሱቅ ሲደርስ ያ ከረጢት ገና ገዢው ሳያየው ይጣላል። ደርዘኑን በአንድ ትልቅ ከረጢት ማድረግ ይቻላል፣ ሸሚዙን ጠቅልሎ ማሳነስ ይቻላል፣ ይሄን የሚወስነው ግን የምታሽገው ልጅ ሳትሆን እዛ ማዶ ያለው ገዢ ድርጅት ነው። ፓርኩ ሲሰራ ፍሳሹ ሐይቅ እንዳይገባ ታስቦ ውሃውን አጣርቶ እንደገና የሚጠቀም ማጣሪያ ተተክሎለታል። ለፍሳሹ እንዲህ ከታሰበ ለደረቁም ማሰብ አያቅትም።

ማሸጊያ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ቅቤ ከገጠር በኮባ ተጠቅልሎ ነው ገበያ የሚመጣው፣ ኮባው ያቀዘቅዘዋል፣ ሲጨርስ ከብት ይበላዋል። እንቁላል በገለባ ተጀቡኖ ስንት ኪሎሜትር በጭነት መኪና ይሄዳል፣ ኮረኮንች ላይ። ስልክ በኮባ ይላክ እያልኩ አይደለም፣ ግን ሲኒና ብርጭቆ በጋዜጣና በገለባ በደህና ይሄዳል፣ ኤርፎን ደሞ በሰፊ ካልሲ እንኳን ይሄዳል። አማዞን ራሱ በ2024 እ.ኤ.አ. ሰሜን አሜሪካ ላይ ካርቶን የሚሞላበትን የአየር ከረጢት 95 ከመቶውን በወረቀት እንደተካ አስታውቋል፣ እንግዲህ ያን የሚያህል ድርጅት ከቻለ ማን አይችልም?

ህጉስ ካላችሁ፣ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከወጣ ቆይቷል፣ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጥ ፌስታል ከልክሎ ነበር፣ ገበያ ላይ ግን ማንም ሲለካ አላየሁም። በ2017 ደሞ ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል፣ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ይፈጸም ብቻ። ቀጥሎ ሰው እንዲያስብበት የምፈልገው ከእቃ ጋር ተጠቅልሎ የሚመጣውን ነው። የአውሮፓ ህብረት ከ2030 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኦንላይን የሚላክ እቃ ካርቶን ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ከ50 ከመቶ እንዳይበልጥ በህግ ወስኗል፣ ፕላስቲክ የሞላበትም እንደ ባዶ ነው የሚቆጠረው። ቆንጆ ህግ ነው፣ ልክ አለው፣ ካርቶኑን ከፍቶ ማየት ብቻ ነው የሚፈልገው።

እስከዛ እኔ እቃ ሳዝ ሻጩን በቴክስት "ፎም አታድርግበት፣ በጋዜጣ ጠቅልለህ በትንሽ ካርቶን ላክልኝ፣ ቢሰበር አንተን አልጠይቅም" እለዋለሁ። እስካሁን እምቢ ያለኝ የለም፣ እንዲያውም አንዱ ስኮች ተወድዶበት ስለነበር አመሰገነኝ። ፊኛ ፊኛውን ፕላስቲክ ደሞ ሳልቀድ እያጠፍኩ አስቀምጬ አሮጌ ገበያ ሲኒ ለምትሸጥ ሴትዮ እወስድላታለሁ፣ ለገዢ ትጠቀልልበታለች። ለፎሙ ግን እስካሁን ተቀባይ አላገኘሁም። ሀዋሳ ውስጥ ፎም የሚቀበል ሰው የምታውቁ ካላችሁ፣ ለችግኝ ማፍያ ይሁን ለጣሪያ ሙቀት መከላከያ ይሁን፣ ጻፉልኝ፣ ያለኝን ይዤ ራሴ እመጣለሁ፣ የጎረቤቶቼንም እሰበስባለሁ።