ጉንዳን፣ ጉሬዛና ጅብ

ከሁለቱ ልጆቼ ጋር ካደርንበት ከመናገሻ ሱባ ጫካ አሁን ቤት ገባን። ልብሳችን ሁሉ ጭስ ጭስ ይሸታል።

ያቀድኩት በእግር ወደ ተራራው ለመውጣት ነበር። ትልቁ ልጄ ግን ከድንኳኑ ብዙም ሳንርቅ የጉንዳን ሰልፍ አየና ቁጭ አለ። "ቶሎ በል" ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ተውኩት። ልጅ ጫካ ሲገባ ፍጥነቱን እሱ ቢመርጥ ደስ ይለኛል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አላስነሳሁትም።

ከዚያ ጉሬዛዎቹ መጡ። ነጭ ጭራቸውን እያንዠረገጉ ከጽድ ወደ ጽድ ይዘላሉ። ጉሬዛዎች አውራ ጣት እንደሌላቸው ለልጆቹ ስነግራቸው ትንሿ አውራ ጣቷን መዳፏ ውስጥ ደብቃ፣ በአራት አራት ጣት ቅርንጫፍ ላይ ተንጠለጠለች። "እማዬ፣ ይቻላል!"

ጫካው በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ጫካ በመጣ ዘር እንደለማ ይነገራል። ይህን ስነግራቸው ግን ማንም አልሰማኝም።

ማታ ጅብ ጮኸ። ሁለቱም እላዬ ላይ ወጡ። ባትሪውን አጥፍተን የምንሰማውን ድምፅ እንቁጠር አልኳቸው። ጅብ አንድ። እንቁራሪት ሁለት። ንፋስ ሦስት። ሰባት ሳይደርሱ ትንሿ እንቅልፍ ወሰዳት።

ትልቁ አሁን ከመኪና ሲወርድ የመጀመሪያ ጥያቄው፦ "ጉንዳኖቹ ቤታቸው ደርሰው ይሆን?"