ማጀቢያ ሙዚቃ የሌለው ፍርሃት

እ.ኤ.አ. በ1963 ለእይታ የበቃውን የአልፍሬድ ሂችኮክን፣ አእዋፍ ሰዎችን የሚያጠቁበትን ፊልም «ዘ በርድስ» ዛሬ በጆሮ ማዳመጫ ደግሜ ተመለከትሁ። ፊልሙ የተለመደው ማጀቢያ ሙዚቃ የለውም፤ ኦስካር ሳላና ሬሚ ጋስማን የአእዋፉን ድምፅ ትራውቶኒየም በተባለ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ፈጥረውታል።

እጅግ የመሰጠኝ የትምህርት ቤቱ ትዕይንት ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሲጋራ ስታጨስ ከክፍል ውስጥ የሕፃናት መዝሙር ይሰማል፤ ቁራዎቹ ግን ከጀርባዋ ባለው የመጫወቻ ብረት ላይ ኮሽታ ሳያሰሙ ይሰበሰባሉ። መዝሙሩ ገጸ ባሕርያቱም የሚሰሙት የታሪኩ ዓለም ድምፅ ስለሆነ ስለ አደጋው የሚነግረን ነገር የለም፤ ማጀቢያ ሙዚቃ ቢሆን ኖሮ ግን አስቀድሞ ባስጠነቀቀን ነበር። በሌላ ትዕይንት አእዋፍ የገደሉትን ገበሬ አስከሬን ያየች ወይዘሮ አፏን ከፍታ እየሮጠች ስትወጣ ድምፅ አለመስማታችንም፣ ለእኔ ከየትኛውም ጩኸት ይበልጥ ያስደነግጣል።