ምልክት ከመያዝ በፊት ያለው ትምህርት

የመንገድ ሥራ በሚካሄድበት ቦታ ተሽከርካሪዎችን የሚያስቆመውንና የሚያሳልፈውን ሠራተኛ፣ ብዙዎች ያለ ሙያ የቆመ ሰው አድርገው ሲያዩት በጣም ያሳዝነኛል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ ብቻ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ አሽከርካሪው ሠራተኛውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ የሚያልፈው ርቀት የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ሥልጠናው ከዚህ ስሌት መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ። ሠልጣኙ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ከሥራው ቦታ ምን ያህል ርቀው እንደሚተከሉ፣ ኮኖች (ሾጣጣ የመንገድ መለያዎች) መንገዱን ቀስ በቀስ እንዲያጠብቡ እንዴት እንደሚደረደሩ፣ በተሽከርካሪዎችና በሠራተኞች መካከል ባዶ ቦታ ለምን እንደሚተው፣ ፍጥነት በጨመረ ቁጥርም እነዚህ ርቀቶች ለምን እንደሚረዝሙ መረዳት ይኖርበታል። ምልክቶች ሲተከሉ አሽከርካሪው መጀመሪያ ከሚያገኘው ይጀመራል፤ ሲነሡ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ይህ ከተዘነጋ ምልክት ተካዩ ራሱ ያለ ማስጠንቀቂያ መንገድ ላይ ይቀራል።

አንጸባራቂ ልብስ መልበስና የእጅ ምልክት መስጠት ቶሎ ይለመዳል። የሚከብደው በሌላው ጫፍ ካለው ባልደረባ በሬዲዮ ማረጋገጫ ሳያገኙ መኪና አለመልቀቅ፣ በአሽከርካሪዎች ቁጣ አለመሸነፍ፣ ለሚመጣው ተሽከርካሪ ጀርባ ሳይሰጡ የማምለጫ አቅጣጫን አስቀድሞ መምረጥ ነው። ይህ ችሎታ በጽሑፍ ፈተና ብቻ ስለማይለካ፣ የብቃት ማረጋገጫ ከመሰጠቱ በፊት ሠልጣኙ ልምድ ባለው ሰው ክትትል ሥር መንገድ ላይ ሲሠራ መታየት አለበት። የትራፊክ ዕቅድ መንደፍ ግን ከዚህ የጠለቀ ሌላ ሥልጠና ይጠይቃል፤ ምልክት ያዡን ያለ ተጨማሪ ትምህርት ዕቅዱን እንዲለውጥ ማዘዝም ተገቢ አይደለም።