ሊኑክስ ላይ ጌም ለመጫወት ስል የተውኩትና ያልተውኩት

ለሁለት ዓመት ያህል ኮምፒውተሬ ላይ አንድም ዝግ ሶፍትዌር አልነበረም። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የማምነው። ሲስተሙ ዴቢያን የሚባለው ሊኑክስ፣ ብራውዘሩ ፋየርፎክስ፣ መጻፊያው ሊብሬኦፊስ። ጌም ሲያምረኝ ዌስኖዝ፣ ሱፐርታክስካርት፣ ዜሮ ኤዲ አሉልኝ። ኮዱን ማየት የማልችለው ነገር ደጄን አይረግጥም ብዬ ስፎክር የሰሙኝ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ አንዳንዶቹ ይህንንም ስለሚያነቡ መካድ አልችልም።

ዌስኖዝን ለብቻው ላንሳው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች የሚያሳድጉት፣ በየተራ የሚጫወቱት የጦርነት ጌም ነው። ሥዕሉ አርጅቷል፤ ዕድሉ ደግሞ አንጀት ያሳርራል፦ 70 በመቶ የመምታት ዕድል ያለው አስማተኛህ ሦስቴ ወርውሮ ሦስቴም ይስታል። ቢሆንም የምጫወተው ኦፕን ሶርስ ነው ተብሎ በይሉኝታ አይደለም፤ ስለሚጥመኝ ነው። የጎደለኝ ሌላ ነበር። ጓደኞቼ እዚያ አልነበሩም።

ከተማሪነት ጀምሮ የማንለያይ አራት ነን። ሦስቱ ሐሙስ ማታ ማታ ኦንላይን ተገናኝተው ይጫወታሉ፤ እኔ በማይክ ብቻ ገብቼ ወሬ አደምቃለሁ። አንድ ቀን አንዱ «አንተ ልጅ፣ መቼ ነው እንደ ሰው የምትጫወተው?» አለኝ። አብሬያቸው ሳቅኩ። ማይኩን ካጠፋሁ በኋላ ግን ሳቁ አልቀጠለም።

የምፎክርበት መርህ ምን እንደነበር ባጭሩ ልናገር። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ነፃ ሲስተም ለመሥራት የግኑን ፕሮጀክት ካወጀ ወዲህ የነፃ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ የቆመው ተጠቃሚው አራት ነፃነቶች ሊኖሩት ይገባል በሚል ሐሳብ ላይ ነው፤ ከ0 እስከ 3 ይቆጠራሉ። ፕሮግራሙን ለፈለጉት ዓላማ ማሠራት፣ አጥንቶ መለወጥ፣ ለሌላ ማካፈል፣ የለወጡትንም ማካፈል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህንን ለማስረዳት ሲፈልጉ «ፍሪ» የሚለው ቃላቸው ያምታታባቸዋል፤ እኛ ግን አንዲት «በ» ትገላግለናለች። «በነፃ» ያገኘኸው ሁሉ «ነፃ» አይደለም። ጌም ላይ ደግሞ ልዩነቱ ዓይን ያወጣ ነው፤ በነፃ የሚታደለው የኦንላይን ጌም ብዙውን ጊዜ ከሁሉም ይበልጥ የተቆለፈው ነው።

ፉከራዬን ያፈረሰው ግን ጌም አይደለም። አንድ ቀን ስለ ሌላ ችግር ስፈልግ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚጽፋቸውን መልእክቶች ተርሚናል ላይ ከፍቼ ወደ ታች እየወረድኩ ሳነብ፣ ፈርምዌር (ሃርድዌሩ ውስጥ ገብቶ የሚያሠራው ፕሮግራም) መጫኑን የሚናገር መስመር አየሁ። ትንሽ ዝቅ ስል ሌላ። አንዱ የዋይፋዩ፣ አንዱ የግራፊክሱ፣ አንዱ የፕሮሰሰሩ። ሁሉም ዝግ፤ ሁሉም ኮዳቸው በሠሪው እጅ ብቻ ያለ። ከዚያ ትዝ አለኝ። ዴቢያንን መጀመሪያ ስጭን ዋይፋዩ አልሠራ ሲል፣ ፈርምዌር የተካተተበትን መደበኛ ያልሆነውን ኢንስቶለር አውርጄ ጨርሼ ነበር፤ ከዚያም ረሳሁት። ዴቢያኖች ራሳቸው እኮ እ.ኤ.አ. በ2022 በዚሁ ጉዳይ ድምፅ ሰጥተው፣ በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 ዝጉን ፈርምዌር በመደበኛው ኢንስቶለር ውስጥ ይዞ መጣ። እነሱ ተከራክረውና ድምፅ ሰጥተው የወሰኑትን እኔ ሳላስበው አድርጌው ነበር። ስለዚህ ጥያቄዬ ተቀየረ። «ዝግ ነገር ይግባ ወይስ አይግባ?» ማለት ቀረና «ከገባ የት ይቀመጥ?» ሆነ።

የመጀመሪያው ፈተና ግራፊክስ ካርዴ ነበር። የሠሪውን ስም ልተወው። ክፍቱን ድራይቨር (ሲስተሙ ካርዱን የሚያዝበትን ፕሮግራም) የጻፉት በጎ ፈቃደኞች ካርዱን ከውጭ እያዩ፣ እየነካኩና እየገመቱ ነበር፤ የካርዱ ፍጥነት ከፍ እንዲል ግን የሠሪው ፊርማ ያለበት ፈርምዌር ያስፈልጋል። ፊርማው ስላልተሰጣቸው ካርዱ ሲነሳ ከያዘው ዝቅተኛ ፍጥነት ንቅንቅ አይልም። የመኪና ባለቤት ሆኜ በመጀመሪያ ማርሽ ብቻ እንደመንዳት ነበር። ስለዚህ ጥርሴን ነክሼ ዝጉን ድራይቨር ጫንኩ።

ፍጥነቱን ልክድ አልችልም፤ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነበር። ወር ሳይሞላ ግን አንድ ሐሙስ፣ ጓደኞቼ ከመግባታቸው ሃያ ደቂቃ በፊት፣ «እስቲ አፕዴት ላድርግ» አልኩ። (ሐሙስ ማታ አፕዴት የሚያደርግ ሰው የሚገጥመው ይገባዋል።) አዲስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ገባ፤ ሪስታርት አደረግኩ፤ ጥቁር ስክሪን። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ 3 አንድ ላይ ተጭኜ ወደ ጽሑፍ ስክሪን ወጣሁና ሎጉን ማንበብ ጀመርኩ። ዝጉ ድራይቨር ለእያንዳንዱ ከርነል እንደ አዲስ መገንባት አለበት፤ ለግንባታው የሚያስፈልጉትን የከርነሉን ሄደር ፋይሎች እኔ አልጫንኩም ነበር። ጥፋቱ የራሴ ነው። በማስነሻው ሜኑ አሮጌውን ከርነል መርጬ ስገባ ሁሉም ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሄደሮቹን አንዴ ጭኜ ተገላገልኩት፤ አሮጌ ከርነልንም ቸኩሎ ማጥፋት ተውኩ።

ይህ ቀላሉ ነበር። የባሰው ኮምፒውተሩ ስሊፕ ላይ ከቆየ በኋላ አልነቃ ሲል መጣ። ለከርነል ሠሪዎች ሪፖርት ላደርግ ስሞክር፣ ዝግ ሞጁል የተጫነበትን ከርነል ሲስተሙ ራሱ «የተበከለ» የሚል ምልክት እንደሚያደርግበት አወቅኩ። «ያለ ዝጉ ሞጁል ችግሩን ካሳየኸን እናየዋለን» አሉኝ። ተቀየምኩ፤ ቆይቼ ሳስበው ግን ልክ ናቸው። ማየት የማይችሉትን እንዴት ይጠግኑ? ያኔ ገባኝ፦ እኔን የሚጎዳኝ ዝግ ነገር መሠረቱ ላይ የተቀመጠው ነው። ጌም ቢበላሽ ጌሙ ነው የሚበላሽ። ድራይቨር ሲበላሽ ግን ቤቱ በሙሉ ይናጋል፤ የሚጠግነውም አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ሲመቸው።

ካርዱን ሸጬ ኤኤምዲ የሚባለውን ኩባንያ ካርድ ያዝኩ። ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ አለ፤ የቩልካኑን (ጌም ከግራፊክስ ካርድ ጋር የሚነጋገርበት ክፍት ቋንቋ) ክፍል ራድቪን እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመሩት ከኩባንያው ውጭ ያሉ ሰዎች ናቸው። ፈርምዌሩ አሁንም ዝግ ነው። አውቃለሁ።

ቀጥሎ ፕሮቶን። ለማያውቁት፦ ወይን የሚባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረ ነው፤ የዊንዶውስ ፕሮግራም ለዊንዶውስ የሚያቀርበውን ጥያቄ ተቀብሎ በሊኑክስ አሠራር ይመልስለታል። ዲኤክስቪኬ ደግሞ የዊንዶውስ ጌሞች በሚሥሉበት በዳይሬክትኤክስ 9፣ 10 እና 11 የተሠራውን ሥዕል ወደ ቩልካን ይተረጉማል፤ 12ን የሚተረጉም ወንድምም አለው። የጌም መደብሩ የስቲም ባለቤት ቫልቭ እነዚህን አጣምሮ በነሐሴ 2018 እ.ኤ.አ. ፕሮቶን ብሎ ስቲም ውስጥ አስገባቸው። ስቲም ራሱ ዝግ ነው፤ ከላይ ያለው ጌም ዝግ ነው፤ መሃል ያለው አስተርጓሚ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ክፍት ነው።

ስቶልማን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ስቲም ወደ ሊኑክስ ሊመጣ ነው ሲባል በጉዳዩ ላይ ጽፎ ነበር። ዝግ ጌም ኢፍትሐዊ ነው፤ ነገር ግን ሰዎችን ከዊንዶውስ ካላቀቀ ቀጥተኛው ጥቅም ከቀጥተኛው ጉዳት ሊበልጥ ይችላል፤ የሚያሳስበኝ ግን ሰውን የሚያስተምረው ነው የሚል ሐሳብ ነው ያቀረበው። ግትር ነው ሲባል ስለምሰማ ይህንን ሳነብ ገርሞኝ ነበር። እኔ የምጨምረው፣ በጎ ጎኑ እሱ ካነሳው ያለፈ መሆኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ የወጣው ሊኑክስ 5.16 ፕሮግራም ብዙ ነገሮችን በአንድ ጊዜ መጠበቅ ሲፈልግ ከርነሉን የሚጠይቅበት አዲስ ጥሪ ይዞ መጣ፤ የተጻፈበት ዋና ምክንያት የዊንዶውስ ጌሞች ናቸው። ጌም የማይነካ ሰውም ይህ ኮድ ከርነሉ ውስጥ አለለት፤ ሊያነበው፣ ሊለውጠው ይችላል።

ፕሮቶንን ስጀምር ግን ወዲያው አልሠራልኝም። ድሮ የገዛኋቸው ጌሞች ያሉበት ዲስክ የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ነበር፤ «ደግሞ 200 ጊጋባይት ማን ያወርዳል?» ብዬ ስቲምን ወደዚያው ጠቆምኩት። አጫውት ስለው ሁለት ሰከንድ ያስባል፣ ከዚያ ቁልፉ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ አረንጓዴ ይመለሳል። የስህተት መልእክት የለም። ሁለት ማታ አቃጠልኩበት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፕሮቶን ለእያንዳንዱ ጌም ዊንዶውስ የሚመስል ትንሽ ፎልደር ይሠራል፤ ውስጡም በዊንዶውስ ድራይቮች ስም የተሰየሙ ማያያዣ ፋይሎች ያስቀምጣል፤ ፊደልና ሁለት ነጥብ። ዊንዶውስ ደግሞ በፋይል ስም ውስጥ ሁለት ነጥብ አይፈቅድም፤ ኤንቲኤፍኤስ ላይ ያ ስም መዘዝ ነው። ያንን ፎልደር ብቻ ወደ ሊኑክስ ፓርቲሽን አዛውሬ ከቦታው ማያያዣ ስተውለት ጌሙ ተነሳ። በኋላ ዲስኩን ጠቅልዬ ወደ ሊኑክሱ ፎርማት ኤክስት 4 ለወጥኩት፤ ማንም ቢጠይቀኝ የምመክረው ይህንኑ ነው።

እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል እንጂ ጓዳ ዘው አይልም፤ ስቲምንም ያስተናገድኩት እንዲሁ ነው። ለጌም ብቻ ሌላ የተጠቃሚ አካውንት ከፈትኩ። ስቲምን በፍላትፓክ (ፕሮግራምን ከሌላው ሲስተም ለይቶ በሚያስቀምጥ ጥቅል) ጫንኩት፤ ይህኛው ጥቅል ቫልቭ ሳይሆን በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁት ነው፤ አልፎ አልፎ ሁለተኛ ዲስክ አላይም ብሎ ያስቸግራል፤ ፈቃድ በእጅ መስጠት ያስፈልጋል። ግን ፎቶዎቼ፣ የሥራ ፋይሎቼና ቁልፎቼ ያሉበትን ፎልደር አያይም። የሚገዛ ጌም ሲኖር ደግሞ መጀመሪያ ጂኦጂ የሚባለው መደብር ላይ እፈልጋለሁ፤ ኢንስቶለሩን አውርጄ ዲስኬ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ማንም ቆልፎ አይወስድብኝም። ለማስነሳት ሄሮይክ አለ፤ እሱ ክፍት ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን እምቢ አልኩ፤ ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ሐሙስ ማታ የሚጫወቱት ጌም አንቲ ቺት (አጭበርባሪ ተጫዋችን የሚይዝ ፕሮግራም) አለው። ከታወቁት ሁለቱ፣ ኢዚ አንቲ ቺትና ባትልአይ፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 መጸው ጀምሮ በፕሮቶን ሊሠሩ ይችላሉ፤ ግን የጌሙ ባለቤት መፍቀድ አለበት። የዚያኛው ጌም ባለቤት አልፈቀደም። መጀመሪያ ተሳደብኩ። በኋላ ግን ምክንያታቸው ገባኝ፦ ዊንዶውስ ላይ አንቲ ቺቱ ከርነል ውስጥ ገብቶ ተጫዋቹን ከላይ ሆኖ ይጠብቃል። ሊኑክስ ላይ ከርነሉን ራሱን እኔ ልለውጠው እችላለሁ፤ ለዘበኛው ሳልታይ ማለፍ እችላለሁ ማለት ነው። የምኮራበት ነፃነት ለእነሱ ቀዳዳ ነው። በግድግዳ አሻግሮ የሚያይ ሌባ ያለበት ጌም ምን ያህል እንደሚያስመርር ስለማውቅ ሙሉ በሙሉ ልፈርድባቸው አልቻልኩም። ግን የማላውቀው ሰው ኮድ ከርነሌ ውስጥ ተቀምጦ እኔን እንዲጠብቅ አልፈቅድም። እሱ ጓዳ ነው።

አራት ወር ያህል ዱዋል ቡት ሞከርኩ፤ ዊንዶውስን ከሊኑክሱ ጎን አስቀመጥኩ። ለጌሙ ብቻ ነው ብዬ ነበር። ጌሙ ሲያልቅ ተመልሶ ሪስታርት ማድረግ እየታከተኝ ኢሜይሌን እዚያው መክፈት ጀመርኩ፤ ከዚያ አንድ ሰነድ እዚያው ጻፍኩ፤ ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ሊኑክስን ሳልከፍት ቀረሁ። ራሴን አውቃለሁ፤ ፓርቲሽኑን አጠፋሁት። ለልጆቹ ስነግራቸው ዝም አሉ። «እሺ፣ ሐሙስ ሐሙስ በየሁለት ሳምንቱ አንተ የምትችለውን እንጫወታለን» አለ ያው መጀመሪያ ያሾፈብኝ። ስለ ፍልስፍናው ምንም አልጠየቀም።

አንድ የምኮራበት ነገር ልንገራችሁ። አንድ የቆየ ጌም ላይ ሜሳን (ክፍቶቹ የግራፊክስ ድራይቨሮች ያሉበትን ጥቅል) አፕዴት ካደረግኩ በኋላ የዛፎቹ ጥላ መብረቅ መምሰል ጀመረ። ጌሙን የሠራው ቡድን ከተበተነ ቆይቷል፤ የሚጠይቁት የለም። ድራይቨሩ ግን ክፍት ነው። ችግሩን ጌሙ ለድራይቨሩ የሚልከውን ትእዛዝ በሚቀርጸው በኤፒአይትሬስ ቀርጬ ላክሁ፤ አንድ ሠሪ «ቢሴክት ታደርግልናለህ?» አለኝ። በደህናው ስሪትና በተበላሸው መካከል ወደ 1,000 የሚጠጉ ለውጦች ነበሩ። መሃሉን ትገነባለህ፣ ትሞክራለህ፣ ደህና ከሆነ ወደ ኋለኛው ግማሽ፣ ካልሆነ ወደ ፊተኛው፤ አሥር ጊዜ ብታካፍል አንዱ ይቀርሃል። አንድ ቅዳሜ በሙሉ ዛፍ ሥር ቆሜ ጥላ ስመለከት ዋልኩ። ጥፋተኛውን ለውጥ ቁጥሩን ላክሁላቸው፤ በቀጣዩ ስሪት ተስተካከለ። ዝግ ጌም፣ ባለቤቱ የተወው፣ ግን አሁንም የሚሠራ። እንዲህ ያለ ሪፖርት ለመላክ ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም፤ እኔ አይደለሁም። ትዕግሥትና ነፃ ቅዳሜ ይበቃል።

ባለፈው ወር ከሦስቱ አንዱ ላፕቶፑ አርጅቶ ሊኑክስ እንድጭንለት ጠየቀኝ። ድሮ ቢሆን ዩኤስቢዬን ይዤ እሮጥ ነበር። «መጀመሪያ የምትጫወታቸውን ጻፍልኝ» አልኩትና እያንዳንዱን ፕሮቶንዲቢ ላይ (የትኛው ጌም በፕሮቶን እንደሚሠራ ተጫዋቾች የሚጽፉበት ድረ ገጽ ነው) አየሁለት። ከሰባቱ ስድስቱ ይሠራሉ። ሰባተኛው የሐሙሱ ነው። «እንግዲያው ይቅርብህ» አልኩት፤ ቀረበት። በየጥቂት ወሩ ገብቼ የዚያን ጌም ገጽ አየዋለሁ። ትናንትም አየሁት፤ አሁንም አይሠራም።