አሸተን ማርያም ደርሶ መልስ፦ የእቅድ ማስታወሻችን አሁን የደረሰበት

ለተራራ ወዳጆች፣ ከላሊበላ አሸተን ማርያም ወጥቶ በዕለቱ ለመመለስ የምንጠቀምበትን እቅድ እንደገና አስተካክለን ጽፈነዋል። ትልቁ ለውጥ የጉዞ ሰዓቱ ስሌት ላይ ነው፤ አሁን ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ ከፍታው ይቀድማል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ 3,150 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ፊታችሁ ያለው 650 ሜትር አቀበት ነው፤ አብዛኛውም ጭንጫ።

ስሌቱ የተነሣው ስኮትላንዳዊው ዊልያም ኔይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ካወጣው ቀመር ነው፤ ለአንድ ኪሎ ሜትር 12 ደቂቃ፣ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ሽቅብ 10 ደቂቃ ይደመራል። የአንድ ጉዞውን ርቀት 6 ኪሎ ሜትር ብትይዙት (ከየት ሰፈር እንደምትነሱ ይለያያል) 72 እና 65 ተደምሮ 137 ደቂቃ ይመጣል። ቀመሩ ግን ለደህና መንገድና ለጤነኛ ሳንባ የተሠራ ነው። ለድንጋዩና ለአየሩ መሳሳት ሲሶ ጨምሩበት፤ ሦስት ሰዓት ይሆናል። ቁልቁለቱን "መውረድ ቀላል ነው" ብሎ በግማሽ መቁረጥ አያዋጣም። ለርቀቱ 72፣ ለቁልቁለቱ ለየ300 ሜትሩ 10 ደቂቃ፣ በዚያ ላይ ሲሶ ሲታከል ሁለት ሰዓት ይሞላል። ከዕረፍቱና ከቤተ ክርስቲያኑ ቆይታ ጋር በጠቅላላው ሰባት ሰዓት ያዙ።

ጠዋት 12፡30 ተነሡ። ከዕረፍት ጋር 4 ሰዓት ላይ ትደርሳላችሁ፣ 5 ሰዓት ላይ መውረድ ትጀምራላችሁ፣ 7፡30 አካባቢ ከተማ ትገባላችሁ። የመመለሻ ሰዓት ከመነሣታችሁ በፊት ይቆረጥ፦ ቀትር 6 ሰዓት ላይ የትም ብትሆኑ ፊታችሁን አዙሩ። ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለችና ለምን ይቸኮላል የሚል አይጠፋም። አንድ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ቢዞር የሁለት ሰዓቱ ቁልቁለት አራትና አምስት ሊሆን ይችላል፤ ትርፉ ሰዓት የሚያዘው ለዚያ ነው። የእጅ ባትሪም በቀን ቢሆን አይቀርም።

ወቅቱን በተመለከተ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ይመረጣል። ወሎ በልግም እንዳለው አትርሱ፤ ከየካቲት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ የሚጥለው ዝናብ የእግረኛ ብዛት ያለሰለሰውን ድንጋይ አዳላጭ ያደርገዋል። ክረምት ላይ ደመናው ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚከብድ የግድ ከሆነ በጠዋት ጨርሱት። የሳምንቱን የመንገድ ሰላም ደግሞ በዋዜማው ከከተማው ሰው ጠይቁ።

አሁን ወደ እግር። በዚህ መንገድ ሰው የሚወድቀው አቀበት ላይ ሳይሆን ሲወርድ ነው፤ ዓለት ላይ የተበተነ ደቃቅ ጠጠር እንደ ኩሽኔታ ይንከባለላል። ገደሉን የፈራ ሰው ወደ ኋላ ይጋደማል፣ ክብደቱ ተረከዙ ላይ ይወድቃል፣ ጫማው ይሸሻል። መፍትሔው ጉልበትን ላላ አድርጎ፣ እርምጃን አሳጥሮ፣ መርገጫውን በሙሉ ማሳረፍ ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት የጫማ ክር ከቁርጭምጭሚት በኩል ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር፤ አለዚያ እግር ወደ ፊት እየተንሸራተተ የአውራ ጣት ጥፍር ይጠቁራል። ጥፍር በዋዜማው ይቆረጥ። አዲስ ጫማ ለዚህ ቀን አይመረቅም፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ከተማ ውስጥ ይለመድ። በረባሶ ዓለት ይዞ ይቆማል፣ እውነት ነው፣ ግን ጣትን ከድንጋይ አያድንም፤ ያላደገበት ሰው ባይሞክረው ይሻላል። ዱላ ያዙ፦ ሜዳ ላይ ክርናችሁ 90 ዲግሪ እስኪታጠፍ የሚደርስ፣ ለቁልቁለት ደግሞ ከዚያ ትንሽ የሚረዝም።

እረኞች የሚጠቀሙበትን አቋራጭ አትከተሉ። ቀጥታ የሚወርድ ስለሆነ ጎርፍ አጥቦት ልቅ ድንጋይ ብቻ ይቀራል፤ እናንተ የነካችሁት ድንጋይ ደግሞ ከታች ያለውን ሰው ይመታል። ድንጋይ ካመለጣችሁ "ድንጋይ!" ብላችሁ ጩኹ። በቅሎ ስትመጣ ወደ ተራራው ግድግዳ ተጠጉ፣ በገደሉ በኩል ፈጽሞ አትቁሙ፤ ጭነቷ ገፍቶ ይጥላችኋል። የእረኛ ውሻ ሲመጣ አትሩጡ፤ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ የማንሣት ምልክት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ውኃ ለአንድ ሰው 3 ሊትር። ከዚያ አንዱን ሊትር ኦአርኤስ (ከመድኃኒት ቤት የሚገኘውን የስኳርና የጨው ዱቄት) በጥብጡበት፤ ከሌለ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ለአንድ ሊትር ይሆናል። መንገድ ላይ ያለ ምንጭ ከብት ስለሚጠጣበት ሳይፈላ ወይም ሳይታከም አይጠጣ። ለስንቅ በሶና ቆሎ ከማንኛውም ብስኩት ይበልጣሉ፤ ጾምም አይከለክላቸውም፣ ሙቀትም አያበላሻቸውም። በየሰዓቱ እፍኝ እፍኝ እንጂ አንዴ ጠግቦ መውጣት አይሆንም።

ልብስ ላይ የምንለው አጭር ነው፦ ላይ ከታቹ በ4 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፣ ነፋሱ ደግሞ ለብቻው ነው። ጋቢ ይሞቃል፣ ግን ላብ ወይም ዝናብ ከጠጣ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም። ቀላል የንፋስ ጃኬትና ለቤተ ክርስቲያኑ ነጠላ ይበቃል።

ከኮምቦልቻ ወይም ከባቲ የምትመጡ ላሊበላ አንድ ሌሊት እደሩ። ከ2,500 ሜትር በላይ የከፍታ ሕመም ሊነሣ ይችላል፤ 3,150 ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሲሶ ገደማ ያነሰ ነው። እያወሩ መሄድ ካልተቻለ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ሽቅብ መቀጠል የለም፣ ውረዱ። ደሴ ያላችሁ ሦስት ሊትሩን ተሸክማችሁ የጦሳን ተራራ ቀድማችሁ ሞክሩ፤ ትከሻችሁ ምን እንደሚል እዚያው ታውቃላችሁ።

ስትመለሱ የወጣችሁበትንና የወረዳችሁበትን ትክክለኛ ደቂቃ ከስሌቱ ጎን ጻፉ። ሲሶ የጨመርነው ለመነሻ ነው፤ የእናንተ ቡድን ግማሽ ሊፈልግ ይችላል። የአቡነ ዮሴፍን ተራራ በዚሁ ቁጥር ለማስላት ለጠየቃችሁ፦ ጫፉ ከ4,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ከላሊበላ ተነሥቶ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አይታቀድም፤ መንገድ ላይ ማደሪያ ይያዝ።