ዘጌ፣ ፈረንጅ የሌለበት ኅዳር

በመኪና ነበር መሄድ የፈለግኩት። የአባይን በረሃ ወርጄ፣ ደጀን ላይ ሻይ ጠጥቼ፣ ደብረ ማርቆስ አድሬ። ዘመድ አዝማዱ በስልክ ጮኸብኝ። «አብደሻል? መንገዱ እንደ ድሮው መሰለሽ?» ስለዚህ በአውሮፕላን ባሕር ዳር ገባሁ። ኅዳር 2017 ነው።

በነጋታው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባዎቹ ወደሚቆሙበት ወረድኩ። ጎን ለጎን ታስረው ይወዛወዛሉ። ጥላ ሥር ስምንት የሚሆኑ ወንዶች ካርታ ይጫወታሉ። እኔን ሲያዩ ጨዋታው ቆመና ሁሉም ብድግ አሉ። አንዱ «ተራ ይከበር!» ሲል ሌሎቹ መልሰው ተቀመጡ። ባለተራው ጃኬቱን እያራገፈ መጣ። ከመስቀል ወዲህ ተራ ሲደርሰው ይህ ሁለተኛው ነው።

«ብቻሽን ነሽ እህቴ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

ፊቱ ትንሽ ጠቆር አለ። ጀልባ አንድ ሰውም ያሳፍር አሥር የሚጠጣው ቤንዚን ያው ነው። ቤንዚኑም ማደያ ከተገኘ እሰየው፤ ካልተገኘ መንገድ ዳር በሃይላንድ ከሚሸጡት ነው የሚገዛው። እኔ ይህን ሳላውቅ ዋጋ ተከራክሬዋለሁ። ኋላ አፈርኩ።

ጣና ሐይቅ ውስጥ ገባ ካለችው ጫካማ ምድር፣ ከዘጌ፣ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ክብራን ገብርኤልን ከሩቅ ተሳለምኩ፤ ሴት አይገባበትማ። ሰውዬው ሞተሩን እያሸነፈ በጩኸት ያወራኛል። በ2012 ኮሮና መጣ። እሱ ሳይለቅ በ2013 ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ። በ2015 ጥቅምት ፕሪቶሪያ ላይ ሰላም ሲፈረም ጀልባውን ሰማያዊ ቀለም ቀባው። ቀለሙ ዓመት ሳይሞላው፣ በዚያው በ2015 ክረምት፣ ክልሉ ሌላ ጦርነት ውስጥ ገባ። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። ፈረንጅ ደግሞ ኢሜይል ልኮ መልስ ካላገኘ ሌላ አገር ይሄዳል።

«ሥራ አጥ ነህ ወይ ብትይኝ አይደለሁም» አለኝ። «በየቀኑ ሥራ እገባለሁ። ሥራው ነው የማይገባው።»

በመንገዳችን ሦስት የደንገል ታንኳዎች አገኘን። እስከ አፋቸው ማገዶ ጭነው ወደ ባሕር ዳር ይቀዝፋሉ። ለፎቶ ያምራሉ። ያኔ ያየሁት ይህንኑ ነበር።

ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው የጫካ መንገድ ላይ ግራና ቀኝ የእንጨት መደብሮች አሉ። ክፍት ያገኘሁት አራት ብቻ ነው። ብራና ላይ የተሣሉ ቅዱሳን፣ ትንንሽ ታንኳዎች፣ መስቀሎች። አንዷ ልጅ አቧራ ስታራግፍ ደረስኩባት፤ ከእኔ መምጣት በኋላ ይሁን በፊት እንጃ።

አስጎብኚዬ ወጣት ነው። ጣልያንኛ ሰላምታ ይችላል፣ ስፓኒሽ ይሞክራል፣ ዕብራይስጥም ነካ ነካ ያደርጋል። የመቅደሱን ግድግዳ የሞሉት ሥዕሎች ፊት ቆመን መግለጽ ሲጀምር ግን ተንተባተበ።

«ይቅርታ» አለ፣ «በእንግሊዝኛ ነው የሸመደድኩት።»

በላዔ ሰብእ ላይ ስንደርስ እኔ ቀጠልኩለት። 78 ሰው በልቶ በጥርኝ ውሃ የዳነው ሰውዬ፣ አያቴ ከነተራቱ ያስጠናችኝ ታሪክ ነው። ሳቅን። ሂሳቡን ግን ሙሉውን ነው የከፈልኩት።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥተን አንዲት እናት ጋ ቡና ለመጠጣት ተቀመጥን። ቡናው የጓሯቸው ነው፤ ዛፉ ላይ ፍሬው ገና እየቀላ ነው። እዚህ ቁጭ ብዬ ነው ነገሩ የገባኝ። ጎጃም ውስጥ ሌላ ቦታ እንግዳ ቢጠፋ፣ መሬት ያለው ሰው ወደ ሞፈሩ ይመለሳል። ዘጌ ላይ የሚመለሱበት ሞፈር የለም። አይታረስም፤ ከብትም አይረባም። አቡነ በትረ ማርያም ጸልየው፣ ሕዝቡ ሳያርስ ከዛፍ ፍሬ እንዲኖር ቃል ኪዳን ተቀበሉ ተብሎ ይታመናል። ያ ቃል ኪዳን ነው ጫካውን ያቆየው። ዩኔስኮ በ2007 የጣናን ዙሪያ ባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ ሲመዘግብ፣ መነኮሳቱና ነዋሪዎቹ በገዛ ሥርዓታቸው ሲጠብቁት ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል።

እና ያለው ቡና ነው፣ ጌሾ ነው፣ ሎሚ ነው። ቡና በዓመት አንዴ ይለቀማል። ጓሮ የሌለው ወጣት ደግሞ ያው አስጎብኚ፣ ዕቃ ሻጭ ወይም ጀልባ ላይ ረዳት ነበር። እሱም ከቀረ የሚሸጥ ምን ቀረው? ታንኳዎቹ ትዝ አሉኝ።

«እንጨቱ ከዚህ ነው እናቴ?»

«ደረቁ ነው ይላሉ» አሉ ረከቦቱን እያስተካከሉ። ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ፣ «እርጥቡም ይደርቃል ልጄ፤ ከቆረጡት።»

የዘጌ ቡና በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው። ጥላው ከሄደ ቡናውም ይጎዳል። ይህን እሳቸውም አስጎብኚውም ከእኔ በላይ ያውቁታል። ቆራጩም ሳያውቀው አይቀርም።

ልጃቸው ባሕር ዳር አንድ ሆቴል አስተናጋጅ ነበር። እንግዳ ሲጠፋ «ለጊዜው ዕረፍት ውጣ» አሉት። «ይኸው ሁለት ዓመት ያርፋል» አሉ፣ ሦስተኛውን እየቀዱልኝ። እኔ ሳቄን አፈንኩት፤ እሳቸው ግን ራሳቸው ሳቁ። ሁለት ኪሎ ቡና ገዛኋቸው። አንድ ኪሎ ሎሚ መርቀው ሰጡኝ፤ ክፈዪ አላሉኝም። ይህ ደግሞ ይባስ ከበደኝ።

ከሰዓት በኋላ ጣና ይቆጣል። ስንመለስ ማዕበሉ ጀልባዋን እያነሣ ያፈርጣታል፣ ሎሚዎቹ እግሬ ሥር ይንከባለላሉ። ባለጀልባው እንደ ጠዋቱ አላወራም። አንዴ ብቻ ዞር ብሎ «አዲስ አበባ ስትመለሺ ደህና ነው በያቸው» አለኝ። እሺ አልኩት። በመኪና ለምን እንዳልመጣሁ አልነገርኩትም።

ስንደርስ ካርታው እንደቀጠለ ነው። አንዱ ደብተር አውጥቶ የባለጀልባዬን ስም መጨረሻ ላይ ጻፈው።

«ስንተኛ ሆንክ?» አልኩት።

አንገቱን አስግጎ አየ።

«34ኛ» አለና ካርታ እንዲያድሉት እጁን ዘረጋ።