ከጨረሩ በኋላ የሂሳብ ችሎታዬን ምን ወሰደው?

ደሴ ሰኞ ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ። አሥራ አንድ ሜትር ተኩል ለክቼ መቀሱን ሳላነሳ ዋጋውን እጠራ ነበር። ሕንድ አገር ጋማ ናይፍ በተባለው መሣሪያ የጨረር ሕክምና ተደርጎልኝ ከተመለስሁ ከወራት በኋላ ግን ቁጥሩ አፌ ላይ ደርሶ ይጠፋ ጀመር። የቆየች ደንበኛዬ «ጋሼ፣ ዛሬ ሂሳቡ ከበደዎት እንዴ?» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ጎረቤቱ ሁሉ «ጨረሩ አእምሮውን ነካው» ብሎ ፈረደ። ሕመሜ አንጎል ውስጥ ደም ቅዳና ደም መልስ፣ በመሃል ሊኖሩ የሚገባቸው ቀጫጭን ሥሮች ሳይኖሩ፣ በቀጥታ የተገናኙበት እክል ነው። ያወቅሁትም ደም ፈስሶ ከጣለኝ በኋላ ነው። በሕክምናው ራስ ቅል አይከፈትም፤ ኮባልት 60 ከተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የሚወጡ 200 ገደማ ቀጫጭን ጨረሮች እክሉ ላይ ይገናኛሉ። ሥሩ ተደፍኖ እስኪያልቅ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ዓመት ይፈጃል። በዚያ መሃል አእምሮን የሚያደክመው ብዙ ነው፦ የቀድሞው መድማት፣ ያለብኝ የሚጥል በሽታ፣ መድኃኒቱ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጨረሩም ጭምር።

የጠቀመኝ ከጉዞው በፊት የማስታወስና የትኩረት ፈተና ወስጄ ወረቀቱን ማስቀመጤ ነው። ከማንም ምክር ይህን አስበልጣለሁ፤ የቀድሞው ካልታወቀ ምን እንደጎደለ በምን ይለካል? ከዚያም በየማታው የወሰድሁትን መድኃኒት፣ እንቅልፌንና የረሳሁትን በደብተር ጻፍሁ። ሐኪሙ ደብተሩን ሲያገላብጥ ድንዛዜው የጀመረው ፌኒቶይን የተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት በተጨመረልኝ ሰሞን ሆኖ ተገኘ። በደም ምርመራ መጠኑ ከፍ ብሎ ስለታየ እሱ ራሱ ቀስ አድርጎ ቀነሰልኝ። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ የሚጥለውን በሽታ መጥራት ነው። ሂሳቡም አብዛኛው ተመለሰ።

ዓመት ሲሞላ ደግሞ ራስ ምታት መጣ፤ የሰው ስም ይጠፋብኛል። ይህኛው በእርግጥ የጨረሩ ነበር። በኤምአርአይ እክሉ ዙሪያ እብጠት ታየ፤ ከሕክምናው በኋላ ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው። ለአጭር ጊዜ ዴክሳሜታሶን ታዘዘልኝ። እብጠቱን አጎደለው፤ እንቅልፌንም ነሳኝ፤ ባለቤቴ መሶቡን ባዶ አስቀረኸው እያለች ታማኛለች።

ዛሬም ሁለት ደንበኛ በአንድ ጊዜ ሲያናግረኝ ይምታታብኛል። ስለዚህ አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን አልጀምርም፤ ዱቤ እዚያው ይጻፋል፤ ልጄ የለካሁትን ጮክ ብሎ ይደግምልኛል። የሥሩን መደፈን የሚያረጋግጠው በቀጭን ቱቦ ቀለም ተሰጥቶ የሚነሳው ምርመራ ገና ይቀረኛል። እስከዚያ የመድማቱ ስጋት ስላለ የደም ግፊቴን እለካለሁ፤ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ከመጣም ሱቁን ዘግተው ወደ ሆስፒታል እንዲወስዱኝ ለቤተሰቤ ተናግሬአለሁ።